የመምህሬን ጆሮ የለካሁበት ዓመት

ሦስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ። ለምን ብሎ ለሚጠይቀኝ "ስለጣፈጠኝ ነው" እላለሁ። እውነቱ ግን ድምፄ ባለመሰማቱ ነው የወደቅኩት። ማንበብ አቅቶኝ አልነበረም፤ እንዲያውም ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ቀድሜ ማንበብ የቻልኩት እኔ ነበርኩ። ነገር ግን ጮክ ብሎ የማንበብ ፈተና የሚባል ነገር ነበር። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ፣ መጽሐፉን ገለጥኩ፣ አንዲት ቃል ሳልስት ከላይ እስከ ታች አንብቤ ተቀመጥኩ። አስተማሪዋ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች ለጥቂት ጊዜ አየችኝና "በይ እንጂ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?" አለችኝ።

ጥፋት ከተባለ ጥፋቱ የቤታችን ነበር። አባቴ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ምድጃ ፊት ቆሞ ያድርና እኛ ለትምህርት ቤት ስንነሳ፣ ቅንድቡ ላይ የቀረውን ዱቄት እያራገፈ ገብቶ ይተኛል። ቤታችን በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንድ ክፍል ናት፤ ከመጋረጃው ወዲያ አባቴ፣ ከመጋረጃው ወዲህ እናቴ፣ እኔና ሁለት ታናናሾቼ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ አባቴ እስኪነቃ አንሶላ ለብሳ ትቀመጣለች፤ እስከዚያ እናቴ በእጇ ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። በእኛ ቤት ማንኪያ ከሳህን አይጋጭም። ወንበር ተነስቶ ይቀመጣል እንጂ አይጎተትም። እናቴ የምትቆጣን በቅንድቧ ነበር፤ በጣም ከተናደደች ደግሞ በጣቷ። ስለዚህ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወራ፣ ጮክ ብሎ የሚናገር ደግሞ የተጣላ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልጆቹ "ትንፋሽ" የሚል ስም አወጡልኝ። ከትንፋሽ በስተቀር ከአፌ የሚወጣ ነገር የለማ።

ዛሬ እንጀራዬ ድምፄ ነው። በአንድ ትልቅ የአውቶቡስ መናኸሪያ ማጉያ ፊት ተቀምጬ ተሳፋሪ የምጠራው እኔ ነኝ። "ጓዛችሁን አትርሱ፣ ልጆቻችሁን ያዙ" ስል ሦስት መቶ ሰው ዞር ዞር ብሎ ልጁን ይፈልጋል። እናቴ ይህን ሥራ ያገኘሁ ቀን ሳቋን ለማቆም ውኃ መጠጣት ነበረባት።

በሁለተኛው ሦስተኛ ክፍሌ አዲስ መምህር መጡ። ቁመታቸው የበሩን መቃን ሊነካ ትንሽ ነበር የቀረው። ቅጥነታቸው ደግሞ ኮታቸው ማንጠልጠያው ላይ እንደተሰቀለ ብቻውን የመጣ ያስመስለው ነበር። የመጀመሪያው ደወል ሳያበቃ አብሮኝ የሚቀመጠው ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ጭራሮ" አለኝ። በቃ፣ ጭራሮ ሆነው ቀሩ። ይህ ልጅ የፀጉር ቆራጩ ልጅ ነው። ራዲዮ እንለው ነበር፤ ከመኝታው ከተነሳ እስኪተኛ ድረስ ስለማይዘጋ። አባቱ ጋ የሚላጭ ሰው ሁሉ የሚያወራውን ለቅሞ በማግስቱ ለእኛ ያሰራጫል። አሁን የጥርስ ሐኪም ሆኗል። ሰው አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ያሻውን ያወራል፤ ከዚህ የተሻለ ሥራ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ መምህሩ ቀኝ ጆሯቸውን በጥጥ ወትፈው መጡ። ጥጡ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ይታያል። ጆሯቸውን እንዳመማቸው፣ ሐኪሙ ይሻልዎታል እንዳላቸው፣ እስኪሻላቸው ግን ጮክ ብሎ ያልተናገረውን እንደማይሰሙ ነገሩን። ከዚያ ዓይናቸው ክፍሉን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

"ሐኪሙ ጆሮህን በየሳምንቱ የሚለካልህ አንድ ጠንቃቃ ሰው ፈልግ ብሎኛል" አሉ። "አንቺ ጠንቃቃ ትመስይኛለሽ። ትለኪልኛለሽ?"

ራሴን ነቀነቅኩ። "አልሰማሁም" አሉኝ። ራስ ሲነቀነቅ መስማት እንዴት ይቻላል ብዬ ተገረምኩ፤ ቢሆንም በሽተኛ አይሞገትም ብዬ "እሺ" አልኩ። "አሁንም አልሰማሁም" አሉ። አራተኛው እሺ ላይ ነው የሰሙኝ። ያን ቀን ቤት የገባሁት የሐኪም ረዳት ሆኜ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነበር። ዓርብ ዓርብ ሌሎቹ ልጆች ሲወጡ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ አንድ እርምጃ ርቄ እቆምና ከንባብ መጽሐፉ አንድ ገጽ አነባለሁ። እሳቸው ጉልበታቸው ላይ ባለካሬ ወረቀት ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከሰሙ "ሰማሁ" ይሉና ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ይጽፋሉ፤ እኔም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ካልሰሙ ደግሞ ያንኑ ገጽ እንደገና። በመጀመሪያው ዓርብ አፍንጫቸው መጽሐፌን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሰው ነው አንድ መስመር የሰሙት። "ምስኪን" እያልኩ ነበር በሆዴ። በሁለተኛው ዓርብ ሁለት እርምጃ ደረስን። በአምስተኛው አምስት።

እንግዲህ ልጅ ነኝና፣ ይህን ሁሉ በራሴ መንገድ ተረዳሁት። በየሳምንቱ ከራቀ ቦታ የሚሰሙት ጆሯቸው እየዳነ ስለሆነ ነው፤ የሚያድነው ደግሞ የእኔ ንባብ ነው። መድኃኒት ሆኛለሁ ማለት ነው። መድኃኒት ደግሞ አይቋረጥም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከዳቦ ቤቱ ጓሮ፣ ባዶ ጆንያ ከሚራገፍበት ቦታ ሄጄ ጉሮሮዬ እስኪነቃ አነብ ነበር። ጆንያ የሚያራግፉት ሠራተኞች መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ በኋላ ግን ታሪኩ ገብቷቸው "ትናንት ያቆምሽበት ጋ ያ ሽማግሌ ምን ሆነ?" ይሉኝ ጀመር።

በክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓለም ተከፈተልን። የማይሰማ መምህር ማለት ለሃምሳ ሁለት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ባዞሩ ቁጥር ራዲዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዜና ያነባል። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" ይላል ከአባቱ ደንበኞች የሰማውን ተረት፤ ቀጥሎ "አድማጮቻችን፣ ጭራሮ ዛሬ አንዱን ካልሲ ቡናማ ሌላውን ጥቁር አድርገዋል። ሚስታቸው ሳይጣሏቸው አልቀሩም" ይለናል። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። የመምህሩ ትከሻ አንዳንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጉንፋን ይዟቸዋል እንል ነበር። በማግስቱ ካልሲያቸው አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ያን ጊዜም ሚስታቸው ታረቋቸው አልን እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠርንም።

እኚህ ሰው ደግሞ ያልገባንን ሁሉ የሚያውቁበት መንገድ ይገርመን ነበር። መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ልጅ ለጓደኛዋ "ይህ ማካፈል የሚሉት ነገር እኔ ምኑም አልገባኝም" ብላ ስታንሾካሹክ፣ በነጋታው መምህሩ ግንባራቸውን እያሻሹ "ልጆች፣ ማካፈል ትናንት እንዴት ነበር ያልኳችሁ? ረሳሁት፣ ከመጀመሪያው እንየው እስኪ" ይላሉ። ከኋላ ያለው ልጅ ቁርስ እንዳልበላ ቢያወራ፣ በእረፍት ሰዓት መምህሩ ዳቦ በዝቶባቸው የሚረዳቸው ይፈልጋሉ። ጥያቄ አለ ወይ ሲባል እጅ የማያወጣ ልጅ ሁሉ ከጀርባቸው እውነቱን ይናገር ነበር። ለረጅም ጊዜ ዕድለኛ ክፍል ነበርን ብዬ አምን ነበር።

ሰሌዳው ሥር ካለው ወንበር እስከ ኋላው ግድግዳ አሥራ አራት እርምጃ ነው። ግድግዳው ጋ የደረስኩበትን ዓርብ አልረሳውም። አንብቤ ስጨርስ መምህሩ ዓይናቸውን ገልጠው "ግድግዳው አለቀብን፤ የሚቀጥለው ዓርብ በሩን ከፍተን ኮሪደሩን እንሞክራለን" አሉ። ደስታዬ ለጉድ ነበር። በዚሁ ከቀጠለ ዓመቱ ሳያልቅ ጆሯቸው ግቢው መሃል ያለው ቧንቧ ጋ ይደርሳል።

ያ ደስታ የጨለመብኝ በአንድ ማክሰኞ ነው። ጠመኔ እንዳመጣ ተልኬ ዳይሬክተሩ ቢሮ ደጃፍ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ዳይሬክተሩና መምህሩ ያወራሉ። ዳይሬክተሩ ወፍራም፣ ደግ፣ ሁልጊዜ መሀረብ በእጁ የማይጠፋ ሰው ነው።

"ወረቀቱ ከላይ መጥቷል" ይላል። "ተቆጣጣሪው በዓይኑ አይቶ በጆሮው ሰምቶ ካላመነ ከዚህ መልቀቅ ነው። እኔ ምን አቅም አለኝ? አንተ ደግሞ ጆሮህ ውስጥ ጥጥ ጎስጉሰህ እስከ መቼ ትዘልቃለህ?"

መምህሩ ዓመቱ እስኪያልቅ እንዲታገሣቸው ለመኑት። ለውጡ እኮ በየሳምንቱ እየታየ ነው፣ ልኩን በወረቀት ይዤዋለሁ አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ልመና ነበረበት። ትልቅ ሰው ሲለምን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጠመኔውን ትቼ ሮጥኩ።

ነገሩ ግልጽ ነው። መምህራችን አይሰሙም፤ የማይሰማ መምህር አያስተምርም፤ ተቆጣጣሪው ይህን ከደረሰበት ያባርራቸዋል። ለራዲዮ ነገርኩት። ራዲዮን የሚያህል ወሬኛ ያን ቀን ወሬውን ለሚገባው ብቻ ነው የነገረው፤ ይኸውም ለሃምሳው የክፍላችን ልጆች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ተባለና መከርን። ተቆጣጣሪው ለመምህሩ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር፣ በቅርብ ያለው ሁሉ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ኋላ ሄዶ ከተናገረ ደግሞ ኃላፊነቱ የእኔ ሆነ። እንዴት ለእኔ እንደተሰጠ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል፤ ማንም "ትንፋሽ እንዴት ትችላለች?" አላለም። አሥራ አራት እርምጃ የሚሰማ ድምፅ እንዳለኝ ከእኔ በስተቀር ሁሉም ያውቅ ነበር መሰለኝ።

ተቆጣጣሪው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ጓሮው በጆንያ ተሞልቶ ቦታ አጣሁ። ቤት ገብቼ መጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ በሆዴ ማንበብ ጀመርኩ። ታሪኩ ወሰደኝ መሰለኝ፣ እናቴ መርፌዋን ይዛ ደርቃ ስትቀር ነው ድምፄ ቤቱን እንደሞላው የገባኝ። መጽሐፉን ከደንኩ። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ተንቋቋ። አባቴን በሕይወቴ ቀስቅሼው አላውቅም።

"እስኪ መጨረሻውን ድገሚው" አለ አባቴ፣ መጋረጃውን ሳይገልጥ። "ደህና አልሰማሁትም።"

ደገምኩለት። ስጨርስ "አሁን ሰማሁ" አለ። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫውን ሲናፈጥ ሰማሁት። ዱቄት አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ነው ብዬ አለፍኩት።

ተቆጣጣሪው አጭር፣ ጫማው አዲስ፣ የቆዳ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ የሚሄድ ሰው ነበር። ድምፁ ደግሞ የእኛን ቤት ሰው ይመስላል፣ ቀስ ያለ። ዳይሬክተሩ መሀረቡን ይዞ ከኋላው ገባ። ተቆጣጣሪው ገና ከበሩ "እንደምን አደራችሁ?" ከማለቱ፣ ሃምሳ ሁለት ልጅ በአንድ አፍ "እንደምን አደራችሁ ብለዋል፣ መምህር!" አልን። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ሰውየው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ምዕራፍ ስንት እንደደረስን ጠየቀ፤ ፊተኛው ረድፍ "ምዕራፍ ስንት ደረሳችሁ ነው የሚሉት!" ብሎ አስተላለፈ። ዳይሬክተሩ ላቡን ይጠርጋል። መምህሩ የታችኛውን ከንፈራቸውን ነክሰው መልስ ይሰጣሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ፈርተው ነው አልኩ በሆዴ።

ከዚያ የፈራሁት ደረሰ። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው መጻፍ ሲጀምሩ ተቆጣጣሪው በወንበሮቹ መሃል አልፎ እኔ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ወረቀት ከቦርሳው አወጣ፣ አየት አደረገው፣ ወደ ሰሌዳው ቀና አለና በዚያ በቀስታ ድምፁ ጠየቀ። መምህሩ ይጽፋሉ። አልዞሩም። ራዲዮ ክርኑን ጎኔ ውስጥ ከተተ። እኔ ግን ምን እንደተባለ እንኳ አላሰብኩም፤ ሥራዬ ማሰብ ሳይሆን ማስተላለፍ ነው። አግዳሚው ላይ ወጥቼ ቆምኩና፣ ቧንቧው ጋ የሚደርሰውን ድምፄን ለቀቅኩት።

"መምህር! ያቺ የማትናገረው ልጅ የትኛዋ ናት ነው የሚሉት!"

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። መምህሩ ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ያኔ ስም ልሰጠው አልቻልኩም።

"እኔም አላውቃትም፣ ጌታዬ" አሉ። "እኔ ክፍል እንዲህ ያለች ልጅ የለችም።"

እኔም የማትናገር ልጅ ማን ትሆን ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። መስኮቱ ሥር ያለችው ልጅ ጉሮሮዋን አሟት ሰንብታ ነበርና፣ እሷ ትሆናለች ብዬ አዘንኩላት።

ተቆጣጣሪው እንዳነብለት ጠየቀኝ። ለመምህሩ ጥያቄውን አስተላልፌ፣ ስንት እርምጃ እንደምርቅ ጠየቅኩ። "ቧንቧው ጋ ሂጂ" አሉኝ። አርባ አንድ እርምጃ ነው። በመስኮት ሰው ሁሉ እያየኝ ቧንቧው አጠገብ ቆሜ ያን የሽማግሌውን ታሪክ አነበብኩ። የአራተኛ ክፍል ልጆች በመስኮት ብቅ ብቅ አሉ፤ ዘበኛው በሩን ትቶ መጣ። ገጹን ስጨርስ ተቆጣጣሪው በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ሲፈርም አየሁ። "አለፉ!" አልኩ በሆዴ። "ጆሯቸው ፈተናውን አለፈ።" ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ ስንጨፍር ዋልን፤ ከልጆቹ አንዳችንም ያለፈው ማን እንደሆነ አላወቅንም።

የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ካርዳችንን ተቀብለን ስንበተን እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። አባቴ ሌላ ከተማ ትልቅ ዳቦ ቤት ሥራ አግኝቶ ልንሄድ ነበር። መምህሩ ጀርባቸውን ሰጥተው ሰሌዳው ጥግ ላይ ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ነገር ይጽፋሉ። ልሰናበታቸው ፈልጌ አፈርኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ እሳቸው አይሰሙም። ሦስት እርምጃ ያህል ርቄ በድሮው ድምፄ፣ በቤታችን ድምፅ፣ እንዲህ አልኩ።

"መምህር፣ እኔ እርስዎን ከአባቴ ቀጥሎ ነው የምወድዎት። አመሰግናለሁ። ቢሰሙኝ ኖሮ ግን አልልም ነበር።"

ጠመኔው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። መምህሩ ሳይዞሩ ንጹሑን ሰሌዳ መጥረግ ጀመሩ፤ ጠረጉት ጠረጉት፣ አልጨርስ አሉ። እኔም ያንን ጠመኔ ሁልጊዜ ርካሹን ነው የሚገዙት ብዬ ወጣሁ።

ያ ምስጋና ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጨኝ። ማይክሮፎን ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር፣ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስጮህ የምውል ሴት ለእሳቸው ግን በማይሰሙት ድምፅ አመስግኜ መምጣቴ ያሳፍረኛል። ሄጄ ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ እል ነበር። ሲደላኝ፣ ፈቃድ ስወስድ፣ ልጄ ከፍ ሲል። ነገ ዛሬ ስል ባለፈው ወር ራዲዮ ደወለልኝ። የደወለው ለመስማት የሚከብድ ነገር ሊነግረኝ እንደሆነ ያወቅኩት፣ መናገር ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ስለሳበ ነው።

መምህሩ ቤት ለቅሶ ልንደርስ አብረን ሄድን። ባለቤታቸው ትንሽ፣ ፈጣን፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ሰው በዝቶ ክፍሉ ሞልቷል። ራዲዮ እጃቸውን ይዞ "የድሮ ተማሪያቸው ነኝ፤ ራዲዮ ይሉኝ ነበር" አላቸው። ሴትየዋ እጃቸውን ከእጁ ሳያስለቅቁ በደንብ አዩት።

"ካልሲውን የምትዘግበው ልጅ?" አሉ።

ራዲዮ ፊቱ ጠቆረ። ካልሲውን እንዴት አወቁ? እኔም ግራ ተጋብቼ፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ፣ መምህሩ ያን ያህል ጆሯቸውን እየታመሙ ሲያስተምሩን እንደኖሩ ተናገርኩ።

"የምን ጆሮ ሕመም?" አሉ። "ጎረቤት ክብሪት ሲጭር የሚሰማ ሰው! ያን ዓመት ጥጡን እያድበለበልኩ የማዘጋጅለት እኔ አይደለሁም እንዴ? ማታ ማታ ወሬያችሁን ይዞልኝ ሲመጣ ከሳቁ የተነሳ ራቱ ይበርድ ነበር። ጭራሮ ማለት እኔም ከእናንተ ነው የለመድኩት፤ እስከ መጨረሻው ጭራሮዬ ነበር የምለው።"

ለቅሶ ቤት መሆናችንን ረስተን ሦስታችንም ሳቅን፤ ዙሪያችን ያሉትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ። ከዚያ ሴትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። ያን ዓመት መጀመሪያ ላይ እናቴ መጥታ በዚሁ ክፍል ውስጥ ድምፅ ሳታሰማ እንዳለቀሰች ነገሩኝ። ከላይ የመጣው ወረቀት የእኔ ነበር። የማትናገር ልጅ ተብዬ፣ ሩቅ ከተማ ለማይናገሩ ልጆች ወደተሠራ፣ ልጅ ከቤተሰቡ ተለይቶ ወደሚያድርበት ትምህርት ቤት እንድላክ የተጻፈ። መምህሩ አንድ ዓመት ስጡኝ ብለው ወረቀቱን በእጃቸው ያዙት። አባቴም ያውቅ ነበር። ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ያነበብኩ ቀን ከመጋረጃው ወዲያ እንቅልፍ ወስዶት አልነበረም።

"መናኸሪያሽም መጥተናል" አሉ። "ልጃችን ጋ ስንሄድ። አንቺ በማጉያው ስትጠሪ ሰማሽና የእኔ ልጅ ናት ብሎ ከአግዳሚው አልነሳ አለ። ስትጠሪ የነበረው የእኛን አውቶቡስ ነው፤ ጥሎን ሄደ። ሄደህ አናግራት ስለው፣ ሥራ ላይ ናት፣ ይኸው እየሰማኋት አይደል አለኝ።"

ተነስተው ከመሳቢያ አንድ የተጣጠፈ ባለካሬ ወረቀት አመጡ። እጥፋቱ ላይ አልቋል። ጆሮ ስለካ የኖርኩበት ወረቀት ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ግን የእኔ ስም ነበር። ከሥሩ ዓርቦቹ ተደርድረዋል። አንድ እርምጃ፣ ግማሹን ሰማሁ። ሁለት እርምጃ። አምስት። አሥራ አራት፣ ግድግዳው አለቀ። ቧንቧው ጋ፣ አርባ አንድ፣ ተቆጣጣሪውም ሰማ። እዚያ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ከሁሉ በታች ግን፣ ጠመኔ በሰበረው እጅ የተጻፈ የሚመስል የተንጋደደ መስመር ነበር።

"የመጨረሻ ቀን። ሦስት እርምጃ፣ በሹክሹክታ። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።"

"የሁላችሁንም ወሬ ነግሮኛል" አሉ ባለቤታቸው። "ይህችን ብቻ እስኪሞት አልነገረኝም። ምን ብለሽው ነው?"

ዕድሜ ልኬን ሲያወራ የማውቀው ራዲዮ ዝም ብሎ አፌን ያየኛል። ወረቀቱን አጠፍኩና ነገርኳቸው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ደጅ የቆሙትም እንዲሰሙ፣ ጮክ ብዬ።